ሳይቃጠል በቅጠል፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሲያስቸግር

እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። በነርሲንግ ዲፕሎማ ተመርቄ በወልድያና በሀብሩ ወረዳ ረጅም ዓመት ያገለገልኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለሁ ጤና ባለሙያ ነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ከትምህርቴ ይልቅ ከስሕተቴ የተማርኩትን ነው።

መርሳ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ የ22 ዓመት የጎረቤት ልጅ ነበር። በግራ በኩል ከመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ ድዱ እያበጠ ያሠቃየው ነበር። መጀመሪያ ሲመጣ አፉን በባትሪ አየሁና «ጥርስ እየበቀለ ነው የኔ ልጅ፣ ያልፋል» አልኩት። አሞክሳሲሊን ወሰደና ተሻለው። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰበት፤ አሁንም ያንኑ መድኃኒት ወሰደ። ሦስተኛው ጊዜ እኔንም አልጠየቀ፣ ራሱ ከመድኃኒት ቤት ገዛ። እናቱም ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ታስይዘው ነበር።

አራተኛው ጊዜ ሌሊት በሬ ተንኳኳ። «ሲስተር፣ ኧረ ይድረሱልኝ! ልጄ ምራቁን መዋጥ አቃተው!»

ስደርስ አንገቱ ከአገጩ ሥር እስከ ጉሮሮው አብጦ እንደ እንጨት ደርቋል። አፉን መክፈት አይችልም፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። መኪና ተፈልጎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ወልድያ ሄድን። ከዚያ ወደ ደሴ ሪፈር ተጻፈለትና መልሰን በዚያው በመርሳ በኩል አለፍን። ያን መንገድ እንዴት እንደጨረስነው ፈጣሪ ያውቃል። ደሴ ላይ አንገቱ ተከፍቶ መግሉ ወጣ፣ በኋላም ጥርሱ ተነቀለ። ልጁ ተረፈ። የቀዶው ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ ከአገጩ ሥር ይታያል።

እኔ ያን ጊዜ ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። አንቲባዮቲክ እብጠቱን ያበርዳል እንጂ የሕመሙን ምንጭ አያነሣም። ምንጩ እዚያው ካለ ሕመሙ ይመለሳል፤ አንዳንዴም በአንገት በኩል ይመለሳል።

ይህ ጥርስ ምንድን ነው?

በእያንዳንዱ መንጋጋ ጫፍ መጨረሻ ላይ የሚበቅል ጥርስ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሚወጣ፣ ሰው ልብ በሚገዛበት ዕድሜ የሚመጣ ነው ተብሎ በእንግሊዝኛ «ዊዝደም ቱዝ» ይባላል፤ አንዳንዶቻችንም የጥበብ ጥርስ እንለዋለን። አብዛኛው ሰው 4 አለው፤ ከዚያ ያነሰ ያለው፣ ጭራሽ የሌለውም ሰው አለ።

ችግሩ ቦታ ነው። መንጋጋው ላይ ቦታ ካጣ ያጋድላል፣ ይተኛል፣ ወይም ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ውስጥ ይቀራል። በጥርሱና በሸፈነው ድድ መካከል ምግብ ይገባል፤ ብሩሽም መፋቂያም አይደርስበትም። ከዚያ ማበጥ፣ መግል፣ የአፍ ሽታና አፍን ለመክፈት መቸገር ይከተላል።

ሁሉም ይነቀል ማለት ነው?

አይደለም። የማያምና የማያስቸግር፣ በደንብ ሊጸዳ የሚችል ጥርስ መነቀል የለበትም። የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት እንኳ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ፣ ሕመም የሌለበት የጥበብ ጥርስ «ወደፊት እንዳያስቸግር» ተብሎ ብቻ እንዳይነቀል አሳስበዋል።

የሚነቀለው እብጠቱ ሲመላለስ፣ ሊሞላ በማይችል ሁኔታ ሲበላሽ፣ የጎረቤቱን ጥርስ ሲጎዳ ወይም ዙሪያው መግል ወይም ውኃ ሲቋጥር ነው። ይህን የሚወስነው በራጅ አይቶ የጥርስ ሐኪም ነው።

አያቶች ይህን ልብ በሉልኝ። እኛ አገር መነቀል በሌለበት እንቸኩላለን፣ መነቀል ባለበት እንዘገያለን። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብለን ገና ያልወጣ ጥርሱን በስለት እናስወጣለን። ያ እብጠት ጤነኛ የወተት ጥርስ ነው። መነካቱ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። ያው ልጅ 20 ዓመት ሞልቶት መንጋጋው ሲያብጥ ግን «ይለፍለት» እንላለን።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሕመሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ሦስተኛውን አትጠብቁ፤ መንገዱ ክፍት፣ ሕመሙም የበረደ ሳለ ሂዱ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ የታመመን ሰው ይዞ መውጣት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይህ አገር አይረሳውም።

ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያዙ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ደብተሩን አትርሱ፤ ምን እንደሚሸፈንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ገበያ ላይ በጉጠት የሚነቅል ሰው ዘንድ አትሂዱ። ባልተቀቀለ መሣሪያ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል።

ለሐኪሙ የምትነግሩት የሚከተለውን ነው፦ ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ሕመም (በተለይ የልብ ቫልቭ ችግር)፣ እርግዝና፣ የፔኒሲሊን አለርጂ፣ እንዲሁም እንደ ዋርፋሪንና አስፒሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት። «ደም እንዳይፈሰኝ» ብላችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ። ሐኪሙ ይወስን።

ጾም ላይ ከሆናችሁም ንገሩ። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት መታወቅ አለበት፤ የሃይማኖት አባታችሁንም አማክሩ። ጥርሱ የሚነቀለው በአፍ ውስጥ በሚወጋ ማደንዘዣ ከሆነ ምግብ በልቶ መሄድ ይሻላል። ሙሉ በሙሉ የምትተኙ ከሆነ ግን ከስንት ሰዓት ጀምሮ መብላትና መጠጣት እንደሚቆም ሐኪሙን ጠይቁ።

ወንበሩ ላይ

መርፌው ትንሽ ይወጋል። ከዚያ በኋላ መገፋትና መጫን ይሰማል እንጂ ሕመም ሊሰማ አይገባም፤ ካመማችሁ እጃችሁን አንሡ፣ ማደንዘዣ ይጨመራል። የተኛ ጥርስ ከሆነ ድዱ ተከፍቶ፣ ጥርሱም ተቆራርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ ይሰፋል።

የታችኛው ጥርስ ሥር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ አጠገብ ነው። ይህ ነርቭ ከተነካ ከንፈር ወይም አገጭ፣ በአቅራቢያው ያለው ሌላ ነርቭ ከተነካ ደግሞ ምላስ ሊደነዝዝ ይችላል። አብዛኛው በጊዜ ይመለሳል፣ አልፎ አልፎ ግን ይቀራል። ራጅ የሚያስፈልገው አንድም ለዚህ ነው። ጥርሱ ለነርቩ በጣም ከቀረበ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ትላካላችሁ፤ ይህ ማመላለስ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ጎዙን ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አጥብቃችሁ ንከሱ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ ሥራችሁ ያን ክዳን መጠበቅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው 24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ በስትሮ አትጠጡ፣ አልኮል አትቅመሱ። ትኩስ ቡናም ይቅር፤ ቡና ተፈልቶ መከልከል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ለአንድ ቀን ነው። ሲጋራና ጫት ደግሞ ቁስሉ እስኪድን ራቁ።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ ለብ ያለ ሾርባ፣ በእጅ የላመ ሙዝ ይበቃል። ቆሎ አይቀመስ። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልሎ በጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ እያሳረፉ መያዝ እብጠቱን ይቀንሳል። ከአንድ ቀን በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ይጠቅማል።

የሕመም ማስታገሻውን በታዘዘው መጠን በአፍ ዋጡ። አስፒሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥላል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይቡፕሮፌን ከመውሰዱ በፊት ይጠይቅ።

ምራቅ ትንሽ ቀይ ቢሆን አትደንግጡ። እብጠቱ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን በርትቶ ከዚያ ይቀንሳል። መቀነስ ሲገባው ሕመሙ ከብሶ ወደ ጆሮ የሚነዛ፣ መጥፎ ሽታም ያለው ከሆነ ክዳኑ ወድቆ አጥንቱ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል። ወደ ነቀለላችሁ ሐኪም ተመለሱ፤ አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል።

የማይታደርባቸው ምልክቶች

ከአገጭ ሥር ወይም አንገት ላይ ማበጥ፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ ንጹሕ ጎዝ ለ30 ደቂቃ ተነክሶ ያልቆመ ደም። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ፣ ጥርሱ ተነቀለም አልተነቀለም፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ያ ባጃጅ ነጂ አሁን የልጅ አባት ነው። አንድ ቀን መንጋጋውን በነጠላ ያሰረ ተማሪ ይዞ ቤቴ መጣ። «ሲስተር፣ ይሄም ሁለተኛው ነው» አለኝ። መድኃኒት አላልኩም። ሪፈር የሚጻፍበትን ጤና ጣቢያ ነገርኩት፤ በዚያው ባጃጅ ይዞት ሄደ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ በማስታገሻ መሸፈንም ያው መደበቅ ነው።