ያልነበረው የፋኖስ ሥርዓት

የቻይና ፊልም ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚታየው ካራቴ ነው። አይፈረድበትም፤ በየቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ሥዕላቸው ተለጥፎ የኖረው ብሩስ ሊና ጃኪ ቻን ናቸው። ከዚያ ግርግር ጎን ለጎን ግን ማንም ከጣሪያ ወደ ጣሪያ የማይዘልበት ሌላ የፊልም ዘር አለ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ጣውንቶች፣ ስለ አያት፣ ስለ ገበታ የሆነ። ይህ የፊልም ዘር የሚገባውን ያህል ተመልካች አላገኘም። ያገኘውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ዓይን ነው የሚታየው፤ «ለካ ቻይናዎች እንዲህ ያደርጋሉ!» እየተባለ፣ እንደ ወግና ልማድ ማስረጃ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እነዚህ ፊልሞች ስለ ቻይና ቤተሰብ የሚነግሩን ትልቁ እውነት ብዙ ጊዜ የተቀመጠው አዘጋጁ ከራሱ ፈጥሮ ባስገባው ነገር ውስጥ ነው። ይህን ያላወቀ ተመልካች ፊልሙን አይቶ ቁም ነገሩን ሳያየው ይወጣል።

መነሻውን በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ የቤጂንግ ፊልም አካዳሚ በባህል አብዮቱ ዘመን ሥራውን አቋርጦ ቆይቶ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንደገና ተማሪ ተቀበለ። በ1982 ከተመረቁት መካከል ቼን ካይጌ፣ ቲያን ዥዋንግዥዋንግና ዣንግ ዪሞ ይገኙበታል፤ «አምስተኛው ትውልድ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ወጣትነታቸውን አብዮቱ ስለበላው፣ ካሜራ ሲጨብጡ ታሪክን የፈለጉት በአደባባይ ሳይሆን በጓዳ ነው። ቼን ካይጌ በልጅነቱ፣ በዚያው አብዮት ወቅት፣ የፊልም አዘጋጅ የነበረውን አባቱን በሰው ፊት አውግዟል። በ1993 በካን ከፍተኛውን ሽልማት የተጋራውን «ስንብት ለቁባቴ» ሲሠራ ግን ያው አባቱ በሥነ ጥበብ አማካሪነት አብሮት ነበር። ስለ ክህደት የተሠራ ፊልም ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ማብራሪያ እንደሚፈልግ አይገባኝም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዣንግ ዪሞ «ቀዩን ፋኖስ ስቀሉ» በ1991 የወጣ ነው። ሶንግሊያን የምትባል የ19 ዓመት ወጣት አባቷ ሲሞት ትምህርቷን ከዩኒቨርሲቲ አቋርጣ የአንድ ባለጠጋ አራተኛ ሚስት ሆና ትገባለች። ግቢው በግንብ የታጠረ፣ ለየሚስቱ የተለየ ቅጥር ያለው ነው። ሲመሽ ሚስቶቹ በየደጃፋቸው ይቆማሉ፤ ጌታው የሚያድርበት ቅጥር ይታወጃል፤ አሽከሮች ቀይ ፋኖሶች ተሸክመው መጥተው እዚያ ያበራሉ። የተመረጠችው ሴት እግሯ ይታጠባል፣ ውስጥ እግሯ በትናንሽ መዶሻዎች ይደበደባል፤ የመዶሻው ድምፅ በየቅጥሩ ይሰማል። በማግስቱ ምን እንደሚበላ የምትመርጠው እሷ ናት። ጥፋት የተገኘባት ሴት ፋኖሶቿ በጥቁር ከረጢት ተሸፍነው ይታሰራሉ።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የጥንት የቻይና ልማድ ያየ ይመስለዋል። በእርግጥ ቀይ ፋኖስ በሠርግና በአዲስ ዓመት ይሰቀላል። ለቁባት በየምሽቱ የሚበራ ፋኖስ ግን አልነበረም፤ ፊልሙ በተመሠረተበት በሱ ቶንግ አጭር ልብ ወለድ ውስጥም የለም። የእግር ማሻሸቱም እንደዚሁ። ሱ ቶንግ የሱጆ ሰው ነው፤ ታሪኩ የሚሸተው የደቡቡን እርጥበት ነው፤ በአትክልት ቦታው ያለ ያረጀ ጉድጓድ በሴቶቹ ላይ እንደ ጥላ ያንዣብባል። ዣንግ ዪሞ ታሪኩን ነቅሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሻንሺ ክፍለ አገር ደረቅ አየር ወሰደው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መሠራት በጀመረው በቺያዎ ቤተሰብ የነጋዴ ግቢ ውስጥ አስገባው። ጉድጓዱን ትቶ በጣሪያው ላይ የተቆለፈች ክፍል ተካ። የጌታውን ፊት ደግሞ አንድም ጊዜ በቅርብ አያሳየንም፤ ጀርባውን፣ ድምፁን፣ ከመጋረጃ ኋላ የሚታይ ቅርፁን ብቻ። ዛሬ ቺያዎ ግቢን የሚጎበኝ ሰው ቀይ ፋኖሶች ተሰቅለው ያገኛል፤ ፊልሙ የፈጠረውን ቦታው ተቀብሎት ልማድ አደረገው ማለት ነው።

ለምን ፈጠረው? ልብ ወለድ ቅናትን ከውስጥ መናገር ይችላል፤ ሴትዮዋ ያሰበችውን ይጽፋል፣ አለቀ። ፊልም ይህን አይችልም፤ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። በአንድ ግቢ ያሉ አራት ሴቶች አንዱን ወንድ ሲጠብቁ በመካከላቸው የሚሆነውን ነገር እንዴት ታሳየዋለህ? ዣንግ ዪሞ ሞገስን ብርሃን አደረገው፤ ከየትኛውም ቅጥር የሚታይ፣ ሊደበቅ የማይችል። ውርደትንም ጨለማ አደረገው። መዶሻው ደግሞ ለጆሮ ነው፤ ዓይኗን የጨፈነችም ሴት ትሰማዋለች። ከሁሉ የሚገርመው ይህ ፈጠራ በሶንግሊያን ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ስትመጣ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ፣ ሊወስዳት የመጣውን የሙሽራ ወንበር ትታ በእግሯ የገባች ኩሩ ተማሪ ነበረች። ውላ አድራ ግን የሌላዋ ቅጥር መዶሻ ሲሰማ የራሷ እግር ይቁነጠነጣል። ሥርዓቱ ከየት እንደመጣ ማንም አያስረዳም፤ የቤቱ ደንብ ነው፣ በቃ። ምንጩ የማይጠየቅ ደንብ ሰውን ባሪያው ብቻ ሳይሆን ናፋቂው እንደሚያደርገው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ገረዷን ያንአርን እዩ። ጌታው አንዳንዴ እጁን ይዘረጋባታል፤ እሷም አንድ ቀን እመቤት እሆናለሁ ብላ ታልማለች። በጠባብ ክፍሏ ያረጁና የተቀዳደዱ ፋኖሶችን ደብቃ አብርታ ትቀመጣለች። ሶንግሊያን ስታገኛት ታጋልጣታለች፤ ፋኖሶቹ በግቢው መካከል ይቃጠላሉ፤ ያንአር ይቅርታ አልጠይቅም ብላ በበረዶው ላይ ተንበርክካ ታድራለች፣ በዚያው ታማ ትሞታለች። ልብ በሉ፣ የሰረቀችው ብር አይደለም፤ ሌላ ሰው የጣለውን ጨርቅና ሻማ ነው። ያልነበረ ልማድ ግን ለእሷ የነፍስ ዋጋ አለው።

ታዲያ ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከቻይና ውስጥም ተነሥቷል። ጋዜጠኛዋ ዳይ ቺንግ ፊልሙ በዝርዝሩ ሐሰት እንደሆነና ለውጭ ሰው ዓይን እንደተሠራ ጽፋለች። በዝርዝሩ ትክክል ናት። ነገር ግን የተፈጠረው መልኩ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። ቁባት ማስቀመጥ በዋናው ቻይና በሕግ የተከለከለው በ1950 በወጣው የጋብቻ ሕግ ነው፤ በሆንግ ኮንግ ደግሞ እስከ 1971 ድረስ ቆይቷል። ሴትን ከሴት የሚያፋጅ ቤት ነበረ፤ ያልነበረው ፋኖሱ ነው። አዘጋጁ የነበረውን ለማሳየት ያልነበረውን ተጠቀመ፤ ጥፋቱ ያለው ልብ ወለድን እንደ ሙዚየም በሚያየው ተመልካች ዘንድ ነው። ለውጭ ሰው ተሠራ የሚለውም ቢሆን ከምንጩ ይልቅ ውጤቱን መመርመር ይጠይቃል፤ ፊት የሌለው ጌታ፣ ምክንያት የሌለው ደንብ፣ እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁ ተገዢዎች፣ እነዚህን ማን ቶሎ እንደሚያውቃቸው መገመት አያዳግትም።

ያው አዘጋጅ በ1994 ባወጣው «መኖር» ላይም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። በዩ ኋ ልብ ወለድ ፉጉዪ ቤቱን በቁማር ከተበላ በኋላ አራሽ ገበሬ ይሆናል። በፊልሙ ግን ቤቱን የበላው ሰው አንድ ሣጥን የጥላ አሻንጉሊቶች ይሰጠዋል፤ በእነሱ እየዞረ ትርዒት ያሳያል። ሣጥኑን ብቻ ተከተሉት። በእርስ በርሱ ጦርነት ባለቤቱን ያተርፈዋል፤ ለወታደሮች ይጫወታልና። በ1958 ብረት ለማቅለጥ የየቤቱ ድስት ሲሰበሰብ በአሻንጉሊቶቹ ላይ ያለችው ጥቂት ብረት እንኳ ትፈለጋለች፤ ለእቶን ሠራተኞች እየዘፈነ ያድናቸዋል። በባህል አብዮቱ አሻንጉሊቶቹ ፊውዳል ተብለው ይቃጠላሉ። ሣጥኑ ባዶውን ይቀራል፤ በመጨረሻ የልጅ ልጁ ጫጩቶች ይገቡበታል። ሠላሳ ዓመት የፈጀ ታሪክ በአንድ የእንጨት ሣጥን ተነገረ ማለት ነው። ቤቱን የወሰደው ቁማርተኛም ኮሙኒስቶች በ1949 ሥልጣን ከያዙ በኋላ በዚያው ቤት ምክንያት ባላባት ተብሎ ይረሸናል፤ ፉጉዪ ቤቱን በቁማር ባያጣ ኖሮ የሚረሸነው እሱ ነበር። ፊልሙ በቻይና ሲኒማ ቤቶች እንዲታይ አልተፈቀደም።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ሁሉም ፈጠራ ከሆነ እውነቱን በምን እንለየው? መልሱ የቲያን ዥዋንግዥዋንግ «ሰማያዊው ካይት» ነው፤ በ1993 የወጣ፣ እሱም በአገሩ የታገደ። እዚህ ፋኖስ የለም፣ የሚያምር ግቢም የለም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ሻኦሎንግ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ነው፤ «ቀኝ ዘመም» (የሥርዓቱ ጠላት) ተብሎ ተላልፎ እንዲሰጥ የታዘዘው ሰው ቁጥር አልሞላም። ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ ሁሉም ያየዋል። በሌለበት ቁጥሩ ሞልቷል። ወደ ጉልበት ሥራ ሰፈር ይላካል፣ ዛፍ ወድቆበት ይሞታል፤ ልጁም አባት እየተቀያየረለት ያድጋል። ይህ ትዕይንት ምንም ጌጥ የለውም፤ ሆኖም የሚሠራው ልክ እንደ ፋኖሱ ነው፤ ሩቅ ያለ ሥልጣን ወደ ቤት የሚገባበትን ቀዳዳ በአንድ የሚታይ ድርጊት ያሳያል። ስለዚህ መለኪያው «ይህ ልማድ ነበረ ወይ?» የሚለው አይደለም። «ይህ ነገር በዚህ ቤት ውስጥ ማንን ምን አስደረገው?» ነው።

ስለ ታይዋንና በስደት ስላሉ ቻይናውያን ፊልሞች ደግሞ «እነዚያማ ቻይና አይደሉም» የሚል አለ። በመንግሥት ድንበር ከሆነ ልክ ነው፤ በገበታ ከሆነ ግን አይደለም። በአንግ ሊ «ብላ፣ ጠጣ፣ ወንድና ሴት» (1994) ምላሱ ጣዕም የከዳው ሽማግሌ ወጥ ሠሪ በየእሑዱ ለሦስት ሴት ልጆቹ ድግስ የሚያህል ራት ያቀርባል፤ ከቤት ልውጣ፣ አገባሁ የሚለው ዜና ሁሉ የሚፈነዳው እዚያ ማዕድ ላይ ነው። አባትየው ሊናገር የማይችለውን ፍቅር በቢላዋ ይከትፈዋል። በሉሉ ዋንግ «ስንብት» (2019) ከአሜሪካና ከጃፓን የመጡ ልጆችና የልጅ ልጆች ቻንግቹን ላሉ አያታቸው ካንሰር እንዳለባቸው ደብቀው፣ ለመሰናበት ሰበብ እንዲሆን ሠርግ ይደግሳሉ። መርዶ በሰዓቱና በሰው እንጂ በስልክ አይነገርም ብሎ ላደገ ተመልካች ይህ ፊልም ከኒው ዮርኩ ተመልካች ይልቅ ቀርቦ ይገባዋል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከ«መኖር» ይጀምር፤ ሳቅም እንባም ስላለበት ማንንም አያሰለችም። ቀጥሎ ቀዩን ፋኖስ፣ ከዚያ ሰማያዊውን ካይት። የኤድዋርድ ያንግን «ዪ ዪ» (2000) ለመጨረሻ ያቆየው፤ ራሷን ስታ የተኛችውን አያት ቤተሰቡ በየተራ እንዲያናግራት የተነገረበት፣ እናትየውም በየቀኑ የምታወራላት ያንኑ አንድ ነገር መሆኑን አውቃ የምታለቅስበት ፊልም ነው። ርዝመቱ 173 ደቂቃ ነው። «ትርጉም ፊልም» ብሎ አንድ ሰው ከላይ እየተረከ በሚያስኬደው ቅጂ ማየት ግን ነውር ነው፤ በእነዚህ ፊልሞች ሰዎች ዝም ሲሉ ነው ነገር የሚኖረው፣ ተራኪው ደግሞ የሚያወራው በዝምታው ላይ ነው። የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ፣ ስልካችሁን አርቁ፣ 173ቱንም ደቂቃ በአንድ ምሽት ጨርሱት።