ራጁ ንጹህ ነው ተብዬ

ባለፈው ክረምት ከታክሲ ስወርድ አዳልጦኝ በቀኝ መዳፌ ተደግፌ ወደቅሁ። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሳና «ስብራት የለም፤ ወለምታ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። ጎረቤቴ «ወጌሻ ልጥራልሽ?» አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ግን አውራ ጣቴን ወደ ላይ ስቀስር ከሥሩ የምትፈጠረዋን ጎድጓዳ ቦታ ስነካት ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር። ጀበና ማንሳት እንኳ አቃተኝ።

በ12ኛው ቀን ሌላ ሐኪም ያችኑ ጉድጓድ ጫን አደረጋት። ጮህኩ። «ስካፎይድ ሳይሆን አይቀርም፤ እንደገና ራጅ ይነሱ» አለኝ። አሁን ፀጉር የምታህል መስመር ታየች።

ራጅ የጥላ ሥዕል ነው። አጥንት ጨረሩን ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስንጥቁ ቀጭን ከሆነና አጥንቱ ካልተዛነፈ፣ ወይም ጨረሩ በስንጥቁ አቅጣጫ ካላለፈ፣ ነጩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ከ10 እስከ 14 ቀን ሲቆይ ግን ሰውነት የስንጥቁን ጠርዝ ስለሚመጥጠው መስመሩ ሰፋ ብሎ ይታያል። ኤምአርአይ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ያገኘዋል፤ ዋጋው ነው እንጂ!

ስካፎይድ በአውራ ጣት ሥር ያለች፣ ጎበጥ ያለች ባቄላ የመሰለች የእጅ አንጓ አጥንት ናት፤ አብዛኛው ደሟ የሚገባው በጣቶቹ በኩል ነው። ወገቧ ላይ ስትሰበር ወደ ክንድ ያለው ክፍሏ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ጥርጣሬ ካለ፣ ራጁ ንጹህ ቢሆንም፣ እጁ መታሰር ያለበት። የእኔ አልታሰረም ነበር፤ በኋላ ስምንት ሳምንት ጄሶ ተሸክሜያለሁ።

ወድቃችሁ ያች ጉድጓድ ካመመቻችሁ አትታሹ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሳችሁ ታዩ።