ሕንፃው ዶላር አይወልድም

የአፍሪካ ኅብረትን ዋና መሥሪያ ቤት በታክሲ መስኮት እያየ «የዚህን ዕዳ ልጆቻችን ናቸው የሚከፍሉት» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ዕዳ የለበትም። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት የቻይና ስጦታ ነው። በሜክሲኮ አደባባይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ግን 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣ ነው። ስጦታውን እንደ ዕዳ የሚቆጥር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕዳውን እንደ ስጦታ ይቆጥራል።

ተረት፦ «ኮንሴሽናል ብድር ስሙ ነው ብድር፤ ከነፃ አይለይም።»

ኮንሴሽናል የሚባለው ከገበያው ባነሰ ወለድና በረጅም ጊዜ የሚከፈል ብድር ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ወለዱ 2 በመቶ፣ መክፈያው 20 ዓመት፣ ከዚያ ውስጥ 5ቱ ዋናው ገንዘብ የማይከፈልበት የእፎይታ ጊዜ የሆነ ብድር እንውሰድ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) እንደሚያደርገው የወደፊቱን ክፍያ በ5 በመቶ ቅናሽ ወደ ዛሬ ዋጋ ስንመልሰው፣ ከ100 ብር ውስጥ ስጦታ ሊባል የሚችለው 27 ብር ያህል ነው። ቀሪው 73 ብር ጥርት ያለ ዕዳ ነው። ድርጅቱ ብድርን ኮንሴሽናል ለማለት የሚጠይቀው ቢያንስ 35 በመቶ ስለሆነ፣ «ርካሽ» የተባለው ይህ ብድር መስፈርቱን እንኳ አያልፍም። በዚያ ላይ የኤግዚም ባንክ ኮንሴሽናል ብድር ከግዢው ቢያንስ ግማሹ ከቻይና እንዲሆን ያስገድዳል። ዶላሩ አገር ውስጥ ሳይገባ ይመለሳል፤ ዕዳው ግን እዚሁ ይቀራል።

ተረት፦ «ወለዱ ትንሽ ከሆነ አይከብድም።»

የሚከብደው ዋናው ገንዘብ ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ቶንጋ 100,000 ያህል ሕዝብ ያላት መንግሥት ናት። እ.አ.አ. በኅዳር 2006 በተነሣ ሁከት የዋና ከተማዋ የኑኩዓሎፋ መሀል ክፍል ተቃጠለ። መልሶ ለመሥራት ከዚያው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ተበደረች፤ በኋላ ለመንገድ የወሰደችው ሲጨመርበት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በእፎይታው ዘመን ሁሉ ሰላም ነበር። የዋናው ገንዘብ ክፍያ ሲደርስ ግን አላስተኛ አለ። እ.አ.አ. በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አኪሊሲ ፖሂቫ የፓሲፊክ አገሮች ተባብረው ቻይና ዕዳውን እንድትሰርዝ ይጠይቁ ብለው ነበር፤ ወዲያው ግን ሐሳባቸውን ሳቡ። ቶንጋ ያገኘችው ስረዛ ሳይሆን የአምስት ዓመት ማራዘሚያ ነበር።

እኛም ጋ ያለው ችግር ከዚህ አይርቅም። በብድር የተሠራ ሆስፒታል ካርድ የሚያወጣው በብር ነው፤ ስታዲየም ትኬት የሚሸጠው በብር ነው፤ ሚኒስቴር ደግሞ ጭራሽ የሚሸጠው የለውም። ዕዳው ግን የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ከ5.7 ቢሊዮን ብር ወደ 11 ቢሊዮን ብር ዘለለ ማለት ነው። ወለዱ ንቅንቅ አላለም፤ ሕንፃውም አንድ ፎቅ አልጨመረም።

ተረት፦ «ኢትዮጵያ ዕዳዋን ሳትከፍል የቀረችው በቻይና ብድር ምክንያት ነው።»

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል የቀረው 33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ ወለድ ነበር። ቦንዱ አገሪቱ እ.አ.አ. በ2014 ከግል ኢንቨስተሮች በ6.625 በመቶ የወሰደችው የ1 ቢሊዮን ዶላር የንግድ ብድር ነው፤ ኮንሴሽናል አልነበረም።

ተረት፦ «ካልከፈልን ሕንፃውን ይወስዱታል።»

ምሳሌ ሆኖ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የስሪላንካው ሃምባንቶታ ወደብ ነው። እ.አ.አ. በ2017 ለ99 ዓመት ለቻይና ኩባንያ በ1.12 ቢሊዮን ዶላር መከራየቱ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የገባው ወደ ውጭ ምንዛሪ ክምችት ነው፤ የወደቡ ብድር በኪራዩ አልተሰረዘም። ደግሞስ ወደብ ተከራይ ያገኛል፤ የፍርድ ቤት ሕንፃ ወይም የሚኒስቴር ቢሮ ማን ይከራየዋል? አበዳሪው ግንቡን አይፈልገውም። ሃምባንቶታ ላይ መርከብ የሚያስተናግደው ኩባንያው ሲሆን፣ ብድሩ በስሪላንካ መንግሥት መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ቀርቷል።