ፈታኙ ታማሚ

አንድ ታማሚ በነርቭ ሐኪሞች ፈተና ላይ ለመመርመር ቀረበ። ከሐኪሞቹ አንዱ አመናጨቀው። ታማሚው ቂሙን የተወጣው በዝምታ ነው፤ የበሽታውን ምልክት ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው አዛወረበት። ኋላም ምስጢሩን ለወጣቱ ሐኪም ለሃዋርድ ባሮውስ ነገረው። የታመመ ሰው እንዲህ ማስመሰል ከቻለ ጤነኛውን ምን ያግደዋል?

ባሮውስ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አንዲት የሠዓሊዎች ሞዴል በመልቲፕል ስክለሮሲስ እግሮቿ እንደሰለሉ ሴት ሆና እንድትቀርብ አሠለጠናት። ተማሪዎች በየተራ መረመሯት፤ እሷም እያንዳንዱ ምን እንዳደረገና ምን እንደዘለለ ቅጽ ላይ ሞላች። ጋዜጦች ሆሊውድ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ ብለው ተሳለቁ።

ከትወናው ይልቅ የሚከብደው ማስታወሱ ነው። ሆዴን አመመኝ የሚል ተዋናይ፣ መርማሪው ሆዱን ተጭኖ እጁን ድንገት ሲያነሳ መሸማቀቅ አለበት። መጠጥ እንደሚያበዛ የሚናገረው ግን ሳይፈረድበት ሲጠየቅ ብቻ ነው። ጠዋት ለመጀመሪያው ተማሪ የመለሰውን ማታ ለመጨረሻው ሳያዛንፍ ይደግማል፤ አለዚያ አንዱ ከሌላው የቀለለ ፈተና ወሰደ ማለት ነው። ትኩሳትና የልብ ድምፅ በትወና አይመጡምና ውጤታቸው በወረቀት ይሰጣል።

በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ከዳንዲ፣ ስኮትላንድ፣ ተማሪው ደወል በተደወለ ቁጥር ከጣቢያ ጣቢያ የሚዘዋወርበትን ፈተና ይፋ አደረጉ። የኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎችም «ኦስኪ» እያሉ የሚጨነቁበት ይኸው ነው።

አሜሪካ ደግሞ ከ2004 እስከ 2020 ተዋናይ ታማሚዎችን መመርመር ለኤም.ዲ. ምሩቃን ግዴታ አድርጋ ነበር። ከአዲስ አበባ የተመረቀ ሐኪምም ቪዛ ለምኖ፣ ከሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ፣ ከአምስቱ የፈተና ከተሞች ወደ አንዱ መብረር ነበረበት። ኮሮና ሲመጣ ተቋረጠ፤ በ2021 መጀመሪያ ጭራሹን ቀረ። ብዙም የሚያስቆጭ አይደለም። ነጥብ ሲሰጥበት ርኅራኄም ይሸመደዳል፤ «አይዞህ፣ ይገባኛል» ማለት ነጥብ እንዳለው ያወቀ ተማሪ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ይላታል።

ሐኪሙ መፈተኑን ሳያውቅስ? በ2014 ዴልሂ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ምልክቶችን የተለማመዱ 17 ሰዎች 100 የግል ሕክምና ሰጪዎች ዘንድ ሄዱ። ሕክምና ሰጪዎቹ በጥናቱ ለመሳተፍ አስቀድመው ተስማምተዋል፤ የትኛው ታካሚ ተዋናይ እንደሆነ ግን አያውቁም። ከ250 ምርመራዎች በትክክል የተያዙት 52 ብቻ ነበሩ። ከእነዚሁ ባለሙያዎች መካከል ተመሳሳይ ታሪክ ተነግሯቸው «እንዴት ታክማላችሁ?» የተባሉት ግን፣ የሰጡት መልስ ክሊኒካቸው ውስጥ ካደረጉት የተሻለ ነበር።