ለብርቱ ሞተር የሚስማማ የነዳጅ ፓምፕ እንዴት ይመረጣል?

ወላይታ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር የተቆረቆረች፣ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት የንግድ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ስለዚህ ሸክም የጫኑ ካሚዮኖችም ሆኑ ብርቱ ሞተር ያላቸው የመስክ አውቶሞቢሎች በመንገዶቿ ላይ ዘወትር ይመላለሳሉ፤ የመለዋወጫ ዕቃ ንግድም የዚሁ እንቅስቃሴ ተከታይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። የሁለቱ ነገሮች መገናኘት ለነጋዴው ትልቅ ትርጉም አለው። አስቀድመው የገቡት አውቶሞቢሎች ለብዙ ዘመን ተጠብቀው መኖር አለባቸው፤ ለእነርሱ የሚመጣው መለዋወጫም በብዙ ብር የሚገዛ ነው። ያለ ቦታው የተገዛ አንድ የነዳጅ ፓምፕ የአስመጪውን ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ያስቀራል፤ የባለሱቁን ደንበኛ ያርቃል፤ የባለንብረቱንም ሞተር ያበላሻል።

የነዳጅ ፓምፕ ሥራ ነዳጁን ከታንኩ ወስዶ በተወሰነ ግፊት ለሞተሩ ማድረስ ነው። አስቀድመን የቤንዚኑን እንመልከት። ሞተሩ በሜዳ ላይ በዝግታ ሲሄድ የሚጠጣው ጥቂት ስለ ሆነ የደካማ ፓምፕ ጉድለት አይታወቅም። ጉድለቱ የሚገለጠው አውቶሞቢሉ ተጭኖ ዳገት ሲወጣና ሾፌሩ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ነው። በዚያን ጊዜ ቤንዚኑ ካነሰ ቃጠሎው ከልክ በላይ ይግላል፤ ነገሩ ሳይታረም ከቆየም ፒስቶን እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ከመጠን በላይ ትልቅ ፓምፕ መግጠምም ጥቅም የለውም። ትርፉ ቤንዚን ወደ ታንኩ እየተመላለሰ ይሞቃል፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦና ፊውዙም ላልታሰበ ጭነት ይጋለጣሉ። ካርቡራቶር ባለው ሞተር ላይ ለኢንጀክሽን የተሠራ ፓምፕ ቢገጠም ደግሞ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ይህም የእሳት አደጋ ያመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት ስንት ሊትር ይጠጣል?» የሚል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.3 ሊትር ያህል፣ ቱርቦ ያለው ደግሞ 0.37 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው 240 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ቢሆን 72 ሊትር ይመጣል። ለፓምፑ እርጅናና ለማጣሪያው መቆሸሽ መጠባበቂያ የሚሆን አንድ አምስተኛ ቢጨመርበት 86 ሊትር ይሆናል፤ እንግዲህ በሰዓት 90 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይበቃዋል። ቱርቦ ያለው 300 የፈረስ ጉልበት ቢሆን 111 ሊትር፣ ከመጠባበቂያው ጋር 133 ሊትር ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ «በስንት ግፊት?» የሚለው ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር ቁጥር ግፊቱ አብሮ ካልተገለጸ ብዙ አያስረዳም፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ፓምፑ የሚሰጠው ይቀንሳልና። ካርቡራቶር 0.3 ባር ያህል ይበቃዋል። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጩት በቀር፣ ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋሉ። ቱርቦው አንድ ባር የሚገፋ ከሆነ ያው አንድ ባር በቤንዚኑ ግፊት ላይ ይታከላል። ሦስተኛው ጥያቄ የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። የፋብሪካው መለኪያ ብዙ ጊዜ በ13.5 ቮልት የተያዘ ስለ ሆነ፣ ሽቦው አርጅቶ ለፓምፑ የሚደርሰው 11 ቮልት ብቻ ከሆነ መልካም ፓምፕም ደካማ መስሎ ይታያል።

አራተኛው ጥያቄ የአገሩ አቀማመጥ ነው። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም የነዳጅ ፍላጎቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህን አይቶ ፓምፑን ማሳነስ ግን አይገባም፤ ያው አውቶሞቢል በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ 1,200 ሜትር ግድም ወደ ሆነው ሞቃት ወደ አባያ ሐይቅ አካባቢ ይደርሳልና። በከፍታ ላይ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተንም፣ ከታንኩ ርቆ ሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ፓምፕ እንፋሎት ገብቶበት መሳብ ያቅተዋል። ፓምፕ በመግፋት ብርቱ፣ በመሳብ ደካማ ነው፤ ስለዚህ በታንኩ ውስጥ ወይም ዝቅ ብሎ ከታንኩ አጠገብ የሚቀመጠው ይመረጣል። በታንኩ ውስጥ ያለውን ፓምፕ የሚያቀዘቅዘው ነዳጁ ራሱ ነው፤ ነዳጅ በሚጠፋበት ወራት ታንኩን እያራቆቱ መንዳት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የናፍታ ሞተር ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲኖትራክ ለአንድ የፈረስ ጉልበት 0.18 ሊትር ያህል ቢታሰብለት፣ በሙሉ ጉልበቱ በሰዓት 67 ሊትር ግድም ናፍታ ያቃጥላል። እንዲህ ያለው ሞተር ሁለት ፓምፖች አሉት፤ አንደኛው ናፍታውን ከታንኩ የሚያመጣው መጋቢ ነው፤ ሁለተኛው በጋራዥ «ፖምፓ» የሚባለው፣ ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት የሚልከው ነው። ፖምፓ የሚመረጠው በላዩ ባለው ሰሌዳ ቁጥርና በሞተሩ ዓይነት ሲሆን፣ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ፖምፓዎች የተለያየ መጠን ሊሰጡ ይችላሉ። ጉልበት ለመጨመር ሲባል ብሎኑን ማዞር ናፍታውን ብቻ ያበዛዋል፤ በደጋ አገር አየሩ ስለሚያንስ ትርፉ ጥቁር ጭስና ግለት ይሆናል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ግፊቱ ከ1,000 ባር የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ውሃ ወይም አቧራ ፖምፓውን ለማበላሸት ይበቃል። እነዚህን በሱቅ ደጃፍ መሞከር አይቻልም፤ የመፈተሻ መሣሪያ ወዳለው ባለሙያ መላክ ያስፈልጋል።

ደንበኛው አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ማጣሪያው፣ ሽቦውና ግፊቱ ይታይለት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደ ተባለው፣ ማጣሪያው በቆሸሸ ምክንያት ደኅና ፓምፕ ተጥሎ ሌላ ቢገዛ ችግሩ ይመለሳል። ፓምፑን ለመፈተን የግፊት መለኪያና ምልክት ያለበት ዕቃ ይበቃሉ። በሰዓት 90 ሊትር መስጠት ያለበት ፓምፕ፣ በሥራ ግፊቱ ላይ ሆኖ በ30 ሴኮንድ 750 ሚሊ ሊትር ማፍሰስ አለበት። ሙከራው ከእሳትና ከሲጃራ ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መካኒክ ባለበት ይሁን።

አስመጪዎችም ፕሮፎርማ በሚጠይቁበት ጊዜ የሞተሩን ዓይነት፣ የፋብሪካውን የዕቃ ቁጥር፣ ፓምፑ በስንት ባርና በስንት ቮልት ስንት ሊትር እንደሚሰጥ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ያሳስቡ። ባለሱቁም ይህንኑ ጽሑፍ ከዕቃው ጋር አኑሮ ለገዢው ያሳይ፤ የዋስትናውንም ቃል በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ደንበኛው የአውቶሞቢሉን ስም ብቻ ይዞ ቢመጣ የሞተሩን ቁጥር አይቶ እንዲመለስ መንገር የአንድ ቀን ሽያጭ ያዘገይ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሰው ከሶዶ ተነሥቶ ሳውላ ወይም ዳውሮ በሰላም ከደረሰ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚገዛው ከዚያው ሱቅ ነው።