ዳገት ላይ የሚሰንፍ መኪና

ከመተማ ወደ አይከል የሚወጣ አሮጌ ባለቱርቦ መኪና ዳገቱ ላይ ሲሰንፍ «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ ይፈረድበታል። ከፍርድ በፊት ግን ምርመራ ይቅደም።

አይከል ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ ማለት በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚያምቅ ወናፍ ነው። ወናፉ ያፈሰሰ እንደሆነ ቆላ ላይ ያልታወቀው ጉድለት ደጋ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ ካበዛ አየር አንሶታል፤ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ይፈለግ። ሳያጨስ ቢደክም የናፍጣ ማጣሪያው ይታይ። ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል ምልክት ነው፤ ቱርቦውም ሞተሩም የሚጠረጠሩት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማሰሪያ በማጥበቅ የሚድነውን በሽታ በቱርቦ ዋጋ አናሳክም።