የተጣበቀ ዳዶ አፈታት፦ ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ የተሽከርካሪ ጥገና አንጻር

መግቢያ

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 720 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ የሚወርድ ተሽከርካሪ በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ለረጅም ሰዓት ይናጣል። በዚህ መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስ ወይም የባሌስትራ ማሰሪያ ቢላላ ጥገናው የሚከናወነው በጋራዥ ሳይሆን በሾፌሩና በረዳቱ እጅ ነው። የቤት መኪና ያለው ሰውም ቀላሉን ጥገና በግቢው ውስጥ ይሠራል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያስቆመው ከባድ ብልሽት ሳይሆን አልፈታ ያለ አንድ ዳዶ ነው። ዳዶው በኃይል ሲጠመዘዝ ብሎኑ ከተቆረጠ የግማሽ ሰዓት ሥራ መለዋወጫ ከሌላ ከተማ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ችግር ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው «ዳዶው እንዴት ይፈታ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ብሎኑ ሳይቆረጥ እንዴት ይፈታ?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ዳዶን አጣብቆ የሚይዘው ምን እንደሆነ ያብራራል፤ ከዚያም በመነሣት ጉልበት የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው አማራጭ መሆን የሚገባው ለምን እንደሆነ ያሳያል።

ዳዶን የሚይዘው ኃይል

ብሎንና ዳዶ ሲታሰሩ ብሎኑ እንደ ጠንካራ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል። ሁለቱን አካላት አጣብቆ የሚይዘውም ብሎኑ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ የሚያደርገው ግፊት ነው። በምሕንድስና የተለመደው ግምት እንደሚያመለክተው ለማሰር ከሚውለው የመጠምዘዝ ኃይል ውስጥ ከመቶ 50 ያህሉ በዳዶው ግርጌ ባለው ሰበቃ፣ 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ይጠፋል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው 10 ያህሉ ብቻ ነው። ዳዶው ሲፈታ ይህ የመለጠጥ ኃይል ፈቺውን ያግዛል። በመሆኑም ንጹሕ ዳዶ ሲፈታ ከታሰረበት ያነሰ ኃይል ይበቃዋል። ከዚያ እጅግ የበለጠ ኃይል ከጠየቀ በጥርሶቹ መካከል ሌላ ነገር ገብቷል ማለት ነው።

ያ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው። ብረት ሲዝግ የሚፈጠረው ውሁድ ከመጀመሪያው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከሚሊ ሜትር ክፍልፋይ አይበልጥም። ስለዚህ ዝገቱ መሄጃ ሲያጣ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ጥርሱን ከጥርስ ጋር ይቆልፈዋል።

በዋግ ኽምራ ሁኔታ ይህን ሂደት የሚያፋጥኑ ምክንያቶች አሉ። በበጋ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ወደ ጥርሶቹ ይገባል፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ጨው ሲጨመርበት ዝገቱ ይብሳል፤ ጨው እርጥበትን ከአየር ስቦ ስለሚያቆይ ብረቱ ቶሎ አይደርቅም። ሰቆጣ ከአፋር ቆላ የሚመጣው አሞሌ ጨው ይሸጥባቸው ከነበሩ የቆዩ ገበያዎች አንዷ እንደነበረች ይታወቃል። ዛሬም ጨው የሚጭን መኪና ከሥር በኩል ያሉት ማሰሪያዎቹ ከሌላው ቀድመው ቢዝጉ አያስገርምም።

የመንገዱ ንዝረት ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ውጤት አለው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ዳዶን በራሱ እንዲፈታ የሚያደርገው ዋናው ምክንያት ከብሎኑ ርዝመት ጎንዮሽ የሚመጣ ንቅናቄ መሆኑን አሳይቷል። ጥርሶቹ ወደ ጎን በተንሸራተቱ ቁጥር ሰበቃው ለቅጽበት ይሸነፋል። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ዳዶ ሲላላ ሌላው የሚጣበቀው እንግዲህ የሚያላላውና የሚያጣብቀው ምክንያት ስለሚለያይ ነው። ይህ ግኝት ለጥገናም ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣል፤ የተጣበቀን ዳዶ ለማላቀቅ ቀጥተኛ ጥምዘዛ ብቻውን ከሚያደርገው ይልቅ ከጎን የሚመታ መዶሻ የተሻለ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

የአፈታት ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ተግባር የመፍቻ አቅጣጫውን ማረጋገጥ ነው። ዳዶ በተለምዶ ወደ ግራ ይፈታል። ሆኖም በጃፓን ደረጃ በተሠሩ የቀድሞ የጭነት መኪኖች፣ በአገራችን መንገዶች በብዛት የሚታዩትን የአይሱዙ የቀድሞ ሞዴሎች ጨምሮ፣ በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች የግራ ጥርስ ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። እነዚህ የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው። በብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የተባለው የላቲን ፊደል ከተቀረጸ የግራ ጥርስ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ያላስተዋለ ሰው «አልፈታ አለ» እያለ ዳዶውን ሲያጠብቅ ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው ማጽዳት ነው። ከዳዶው ውጭ የሚታየው የብሎን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ካልጸዳ ዳዶው ጥቂት እንደተንቀሳቀሰ በቆሻሻው ላይ ዳግመኛ ይጣበቃል።

ሦስተኛው ቀጭን ዘይት መቀባትና መጠበቅ ነው። ዘይቱ ወደ ጥርሶቹ የሚገባው ጠባብ ክፍተት ፈሳሽን በሚስብበት ኃይል ስለሆነ ቅጥነቱ ወሳኝ ነው። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደው የሞተር ዘይት ዝልግልግነት ከናፍጣ በሃያ እጥፍ ገደማና ከዚያም በላይ ይበልጣል፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል። ስለዚህ ልዩ የዝገት ማላቀቂያ ከሌለ ከሞተር ዘይት ይልቅ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ይመረጣል። ማታ ተቀብቶ እስኪነጋ የቆየ ዳዶ ከተቀባ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከሚሞከረው የመፈታት ዕድሉ የሰፋ ነው።

አራተኛው ምት ነው። የዳዶው ጎኖች በየተራ በመዶሻ ሲመቱ የዝገቱ ቅርፊት ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም መግቢያ ያገኛል። የብሎኑን ጫፍ በቀጥታ መምታት ግን ጥርሱን ስለሚያበላሽ አይመከርም።

አምስተኛው ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ ነው። በመጀመሪያ ዳዶውን በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ መሞከር የዝገቱን ቁርኝት ይሰብራል። ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሩብ ዙር ፈትቶ ጥቂት መመለስና ዘይት መጨመር ያስፈልጋል። የተፈረፈረው ዝገት በዚህ መንገድ ይወጣል፤ ያለማቋረጥ ሲፈታ ግን በጥርሶቹ መካከል ተከማችቶ እንደገና ይቆልፋል። መፍቻው ባለ ስድስት ጎን ቢሆን ይመረጣል። ባለ አሥራ ሁለት ጎኑ የዳዶውን ማዕዘን ስለሚጫን ያሟልጨዋል።

የሙቀት ጥቅምና አደጋ

ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል። በዚህ ስሌት 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ዳዶ ከብሎኑ በ200 ዲግሪ ቢበልጥ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የዝገቱን ቁርኝት ለመስበር ይበቃል። ሁለቱ እኩል ከሞቁ ግን ይህ ልዩነት አይፈጠርም፤ ስለዚህ ዳዶው ለብቻውና በፍጥነት መሞቅ አለበት። እሳቱ ከተወገደ በኋላ፣ ዳዶው ሰም በሚያቀልጥበት ሙቀት ላይ ሳለ፣ የንብ ሰም ቢነካ ቀልጦ ወደ ጥርሶቹ ይሳባል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥና ማር በሚመረትበት በዋግ ኽምራ በቅርብ ስለሚገኝ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው።

የሙቀት ወሰን መታወቅ አለበት። «8.8» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብሎን ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ሲሆን፣ ከ425 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ጥንካሬው ሊቀንስ ይችላል። ብረት በዓይን መቅላት የሚጀምረው ከዚህ በላይ ነው። እንግዲህ ብሎኑ ከቀላ ወሰኑ ታልፏል ማለት ስለሆነ በአዲስ መተካት አለበት።

ከዚህ የሚከፋው በጎማ ብሎን ላይ እሳት መጠቀም ነው። ቸርኬው ሲሞቅ የጎማው ላስቲክ ተበታትኖ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል። ጎማው እሳቱ ከተነሣ ከቆይታ በኋላም ቢሆን ሰው በሚገድል ኃይል ሊፈነዳ ይችላል፤ ነፋሱን ማውጣት ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ጎማ በተገጠመበት ቸርኬ ላይ እሳት ፈጽሞ መቅረብ የለበትም። በነዳጅ ማጠራቀሚያና በፍሬን ቱቦ አጠገብም እንዲሁ ነው።

የጉልበት ወሰን

የመጠምዘዝ ኃይል ክብደት በመፍቻው ርዝመት ተባዝቶ ይገኛል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም 340 ኒውተን ሜትር ያህል፣ በመፍቻው ላይ ቧንቧ ተሰክቶ አንድ ሜትር ቢሆን ደግሞ 690 ያህል ይሆናል። የአነስተኛ መኪና የጎማ ዳዶ የሚታሰረው በ100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ቧንቧው የሚሰጠው ኃይል እንግዲህ ብሎኑ ከተሠራለት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አስቀድሞ የሚሸነፈውም ዝገቱ ሳይሆን ብሎኑ ሊሆን ይችላል። የጎማ ዳዶዎች መላላት ያለባቸው መኪናው በክሪክ ሳይነሣ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው መሬት ላይ ሳሉ ነው።

የተዘረዘረው ሁሉ ካልሠራ ዳዶውን በመሮ ወይም በብረት መጋዝ ሰንጥቆ ማውጣት የተሻለው ውሳኔ ነው። ዳዶ በቀላሉ ይተካል፤ ከሞተር አካል ውስጥ የተቆረጠ ብሎን ግን መሰርሰሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

ዳዶ የሚጣበቀው በሰበቃ፣ በዝገትና በቆሻሻ ምክንያት ነው። ሦስቱም ለጊዜ፣ ለቀጭን ዘይትና ለምት የሚሸነፉትን ያህል ለጉልበት አይሸነፉም። መልሶ በሚታሰርበት ጊዜ ጥርሱን መቦረሽ ቀጣዩን ጥገና ያቀላል። የጎማ ብሎንን ግን አምራቹ ካላዘዘ በስተቀር በግሪስ መቀባት አይገባም፤ ሰበቃው ሲቀንስ ያው የማሰሪያ ኃይል ብሎኑን ከልክ በላይ ስለሚለጥጠው ነው። ጋራዥና መለዋወጫ በራቀበት ደጋ አንድ ሌሊት ዘይት ተቀብቶ የሚያድር ዳዶ ያባከነው ጊዜ የለም። የተቆረጠ ብሎን ግን መኪናውንም፣ በመኪናው የሚተዳደረውን ቤተሰብም ለቀናት ያቆማል።